የፍጥነት ሒሳብ በእኛ አገር መንገድ



በዚህ መጽሔት ላይ በየዓመቱ ስለ ትምህርት ጥቅም፥ ስለ ንጽሕናና ስለ አገር ፍቅር ብዙ መልካም ነገር ይጻፋል። እኔ ግን ዘንድሮ ስለ አንድ ትንሽ ነገር፥ ይኸውም ስለ ፍጥነት፥ ስለ ርቀትና ስለ ክብ እንቅስቃሴ ሒሳብ አሳቤን ለመግለጥ ብዕሬን አነሣሁ። ሒሳብ ደግሞ መቼ የመጽሔት ጨዋታ ሆነ ብላችሁ ገጹን ለማለፍ አትቸኩሉ። ነገሩ የጀመረው በእኔ ላይ በደረሰ ኀፍረት ስለ ሆነ ሌላው ቢቀር ለሳቅ ይበቃል።

ባለፈው ዓመት በክፍል ውስጥ እንዲህ የሚል ጥያቄ ቀረበልን። አንድ መኪና ዳገቱን በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር እየሄደ ይወጣል፤ በዚያው መንገድ ሲመለስ በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር ይሄዳል። የደርሶ መልሱ አማካይ ፍጥነት ስንት ነው? እጄን ለማውጣት ጥቂት እንኳ አላመነታሁም። ሠላሳና ስድሳ ዘጠና ነው፥ ዘጠና ለሁለት ሲካፈል አርባ አምስት። ይህንንም ከፍ ባለ ድምፅ ተናገርሁ። መምህራችን «ከእርሱ ጋራ የሚስማማ እጁን ያውጣ» ቢሉ ክፍሉ በሞላ እጁን አወጣ። እርሳቸውም ፈገግ ብለው፥ «እንግዲያስ ሁላችሁም አብራችሁ ገደል ገባችሁ» አሉን። መልሱን ግን አልነገሩንም፤ አስባችሁ ኑ ብለው ደወሉ ተደወለ።

ይህ ጥያቄ የተፈታልኝ በወረቀት ላይ ሳይሆን በእግሬ ነው። እንደ ብዙዎቻችን እኔም ከገጠር መጥቼ በከተማው ቤት ተከራይቼ የምማር ነኝ። ዐርብ ከትምህርት በኋላ ስንቅ ለማምጣት ከላይ ጋይንት ደጋ ወደ ታች ጋይንት ቁልቁል እወርዳለሁ፤ እሑድ ደግሞ እንጀራውንና ዱቄቱን ተሸክሜ ዳገቱን እወጣለሁ። ስወርድ ሦስት ሰዓት፥ ስወጣ አምስት ሰዓት ይፈጅብኛል። መንገዱ ግን ያው አንዱ መንገድ ነው።

ርቀቱ ስንት ኪሎ ሜትር እንደ ሆነ የሚነግረኝ ሰው አላገኘሁም። በእኛ አገር ርቀት የሚነገረው በጊዜ ነው። «የግማሽ ቀን መንገድ ነው» ይሉሃል፤ ወይም «ማልደህ ከተነሣህ ለምሳ ትደርሳለህ» ይሉሃል። የተማረ ሰው ይህን አነጋገር ሊንቀው ይችላል። እኔ ግን አልንቀውም። በስማዳ ከደጋው ወደ በሽሎ በረሃ ለሚወርድ መንገደኛ ይህን ያህል ኪሎ ሜትር ነው ብትሉት ምን ይጠቅመዋል? የሚወርድበትና የሚወጣበት እኩል አይደለም። ርቀቱን በጊዜ የሚናገር ባላገር ዳገቱን፥ ሸክሙንና የእግርን ፍጥነት አብሮ አስቦ ነው የሚነግርህ፤ ሳይጽፍ አካፍሎ ጨርሷል።

የሆነ ሆኖ ለሒሳቡ ቁጥር ያስፈልገኝ ስለ ነበረ ከአንድ ጓደኛዬ ጋራ ርቀቱን በእርምጃ ለመለካት ተማከርን። በመጀመሪያ በትምህርት ቤቱ ሜዳ መቶ እርምጃ ሄደን በሜትር ስንለካው 70 ሜትር ሆነ። ከዚያም በቀኝ ኪሳችን ጠጠር ሞልተን፥ በየመቶው እርምጃ አንዷን ወደ ግራ ኪስ እያዛወርን ቁልቁል ወረድን። በመንገድ የምናገኘው ሰው ሁሉ ሰላም ሲለን ቁጥሩ ይጠፋብን ነበር፤ የጋይንት ሰላምታ አጭር እንዳልሆነ ታውቃላችሁ። ቢሆንም አንዳችን ሲሳሳት ሌላችን እየያዝን ከቤት ደጃፍ ስንደርስ 214 ጠጠር ቈጠርን። ይህም 21,400 እርምጃ ወይም 14,980 ሜትር ነው፤ 15 ኪሎ ሜትር ብንለው ብዙ አይርቅም። እሑድ ስንመለስ ግን ጠጠሩ 250 ሆነብን። መንገዱ በሁለት ቀን ረዝሞ አይደለም፤ በዳገት ላይ እርምጃችን አጥሮ ነው እንጂ። ጓደኛዬ «ታዲያ የትኛውን እንመን?» ቢለኝ የምመልሰው አጣሁ። በሜዳ የለኩት እርምጃ ለዳገት እንደማይሆን ያን ጊዜ ገባኝ። ስለዚህ 15 ኪሎ ሜትር የምላችሁ ነገር «ገደማ» የሚል ቃል አብሮት አለ።

አሁን ወደ ሒሳቡ እንመለስ። 15 ኪሎ ሜትር በ3 ሰዓት መውረድ በሰዓት 5 ኪሎ ሜትር ነው። በ5 ሰዓት መውጣት በሰዓት 3 ኪሎ ሜትር ነው። እንደ ክፍሉ መልሴ ቢሆን ኖሮ የ5 እና የ3 መካከል 4 ነው እል ነበር። ነገር ግን ደርሶ መልሱ 30 ኪሎ ሜትር ነው፤ ያጠፋሁትም ጊዜ 8 ሰዓት ነው። ሠላሳን ለስምንት ብናካፍለው 3.75 ይሆናል፥ አራት አይሆንም። ለምን ቢሉ፥ በፍጥነት የሄድሁት ሦስት ሰዓት ብቻ ሲሆን እያዘገምሁ የሄድሁት አምስት ሰዓት ነው። ዝግታው ብዙ ጊዜ ስለ ወሰደ በአማካዩ ላይ ያለው ድርሻ በልጧል። ይህንን በጀርባው ዱቄት ተሸክሞ ዳገት የወጣ ሰው ያለ ሒሳብ ያውቀዋል።

የመኪናውም ነገር እንዲሁ ነው። ከወረታ እስከ ደብረ ታቦር ያለው መንገድ 42 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ሰዎች እስከ ዛሬ የቻይና መንገድ የሚሉትና ከወረታ ተነሥቶ በጋይንት በኩል ወልድያ የሚደርሰው መንገድ መጀመሪያ ነው። አንድ መኪና ከወረታ ሜዳ ወደ ደብረ ታቦር በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር እየሄደ ቢወጣ 84 ደቂቃ ይፈጃል። በሰዓት 60 ቢወርድ 42 ደቂቃ። በድምሩ 84 ኪሎ ሜትር በ126 ደቂቃ ሄደ ማለት ነው፤ ይህም በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር እንጂ 45 አይደለም። እነሆ የገባንበት ገደል ይህ ነው።

ይህን ሳሰላ አንድ ሌላ ነገር አስደነቀኝ። የማራቶን ሩጫ ርቀት 42.195 ኪሎ ሜትር ነው። እንግዲህ አበበ ቢቂላ ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም. በሮማ ከተማ በባዶ እግሩ የሮጠው ከወረታ እስከ ደብረ ታቦር የሚያህል መንገድ ነው፤ የፈጀበትም 2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰኮንድ ነው። ብናሰላው በሰዓት ወደ 18.7 ኪሎ ሜትር ይሆናል። እኔ ያለ ሸክም ቁልቁል ስወርድ 5፥ እርሱ 18.7። «2 ሰዓት ከ15» የሚለውን ከልጅነቴ ጀምሮ ስሰማው ኖሬአለሁ፤ ትርጉሙ የገባኝ ግን የወረታን መንገድ አጠገቡ ካስቀመጥሁት በኋላ ነው።

አሳቤን እንግዲህ በግልጥ ልናገር። የፍጥነት ሒሳብ የሚከብደን ሒሳቡ ከባድ ስለ ሆነ አይመስለኝም። ያየነውንና የምናውቀውን ነገር ከክፍል ደጃፍ ትተነው ስለምንገባ ነው። ርቀት ለጊዜ ሲካፈል ፍጥነት እንደሚሆን በክፍላችን የማያውቅ የለም፤ በእንቅልፉ ቢቀሰቅሱት እንኳ ይናገረዋል። ነገር ግን ጥያቄው ስለ ምን እንደሚናገር ሳናስተውል ሁለት ቁጥር ፈልገን እናባዛለን ወይም እናካፍላለን። በአንድ በኩል አይፈረድብንም። ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ስለ ሆነ ብዙዎቻችን ከዐረፍተ ነገሩ ውስጥ የምንለየው ቁጥሩን ብቻ ነው። ባቡሩ ከጧቱ 8 ሰዓት ተነሣ ሲል፥ የእኛ ሁለት ሰዓት እንደ ሆነ ለማወቅ መጀመሪያ ስድስት መቀነስ አለብን። ባቡር ደግሞ በእኛ አውራጃ የለም፤ እኔም በዓይኔ አይቼ አላውቅም። ስለዚህ ባቡሩ በሰዓት 600 ኪሎ ሜትር ሄደ የሚል መልስ ቢወጣልኝ ኧረ ይህ አይሆንም የሚል ድምፅ ከውስጤ አይሰማኝም።

ይህ ድምፅ ነው ቁም ነገሩ። አንድ የክፍል ጓደኛዬ በሰዓት 5 ኪሎ ሜትር የሚሄድን እግረኛ ፍጥነት ወደ ሜትር በሰኮንድ ሲለውጥ 18 ብሎ ጻፈ። በ3.6 ማካፈል ሲገባው አባዝቶ ነው። በእያንዳንዱ ሰኮንድ 18 ሜትር የሚራመድ ሰው! ይህማ በሰዓት ከ64 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ በአስፋልት ላይ የሚከንፍ መኪና ነው። ጓደኛዬን «ከመማሪያ ክፍላችን እስከ ደወሉ 18 ሜትር ይሆናል፤ አንድ ብለህ ሳትጨርስ ትደርሳለህ ወይ?» አልሁት። ሳቀና ደብተሩን ሰረዘ። ማካፈል ነው ወይስ ማባዛት ብሎ ከዚያ ወዲህ ጠይቆኝ አያውቅም። 3.6 ደግሞ ከሰማይ የወረደ ቁጥር አይደለም፤ በአንድ ሰዓት ውስጥ 3,600 ሰኮንድ፥ በአንድ ኪሎ ሜትር ውስጥ 1,000 ሜትር ስላለ ነው።

አንዳንድ ጓደኞቼ «ፈተና ላይ የጋይንት ዳገት አይመጣም፤ ቀመሩን አጥንተን ብናልፍ ይሻለናል» ይሉኛል። ፈተናውን እኔም እፈራዋለሁ። የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ተማሪዎች በጥቅምት 2015 ዓ.ም. በየዩኒቨርሲቲው ግቢ ተሰብስበው ሲፈተኑ ግማሽና ከግማሽ በላይ ያገኙት ከመቶ 3.3 ብቻ እንደ ሆኑ ሁላችንም ሰምተናል። ታላላቆቻችን ናቸው፤ ቀመሩን አላጠኑም ልንል አንችልም። ደግሞስ ፈተናውን የሚያወጡት ሰዎች ሞኞች ናቸው ወይ? ከአራቱ ምርጫዎች አንዱ 45 እንደሚሆን ጥርጥር የለኝም፤ ለእኔና ለመሰሎቼ ብለው ነው የሚያስቀምጡት።

ስለ ክብ እንቅስቃሴም ጥቂት ልናገር። ይህን ምዕራፍ ስንጀምር ከሁሉም የባሰ ጭንቅ ሆኖብን ነበር። የማዕዘን ፍጥነትና የመስመር ፍጥነት የሚባሉት ሁለት ነገሮች እንደ መንታ ልጆች ተመሳሰሉብን። እኔ ግን መልሱን ከልጅነቴ ጀምሮ ጅራፍ ይዤ ስከተለው እንደ ኖርሁ አላወቅሁም ነበር።

በታኅሣሥ ገብሱ ተሰብስቦ አውድማው በእበት ከተለቀለቀ በኋላ በሬዎቹ ጎን ለጎን ተያይዘው ሲያበራዩ አባቴ ሁልጊዜ ሽማግሌውን በሬ ወደ መሐል፥ ወይፈኑን ወደ ዳር ያደርጋሉ። አንድ ጊዜ እኔ ገልብጬ ባሰልፋቸው ሽማግሌው በሬ ከጥቂት ዙር በኋላ ምላሱን አውጥቶ ቆመ፤ እኔም ተቈጣሁ፥ ማለቴ አባቴ ተቈጡኝ። አሁን በሒሳብ እንየው። የመሐሉ በሬ ከመካከል 1 ሜትር፥ የዳሩ በሬ 4 ሜትር ርቀው ይዙሩ እንበል። አብረው ስለ ተያያዙ አንዱ አንድ ዙር ሲጨርስ ሌላውም ይጨርሳል፤ ይህ የማዕዘን ፍጥነታቸው እኩል ነው ማለት ነው። ነገር ግን በአንድ ዙር የመሐሉ የሚሄደው 6.28 ሜትር ሲሆን የዳሩ 25.12 ሜትር ነው። መቶ ዙር ቢዞሩ ሽማግሌው 628 ሜትር ተራምዶ ያርፋል፤ ወይፈኑ 2,512 ሜትር ሄዷል። የመስመር ፍጥነት በሬዲየሱ ልክ ያድጋል የሚለውን ትምህርት አባቴ ከእኔ መጽሐፍ አላገኙትም።

እንዲያውም አንድ ቀን ልመጻደቅባቸው ብዬ፥ በመጽሐፋችን አነጋገር ቬሎሲቲ የሚባለው አቅጣጫም ስላለው፥ በሬው ከተነሣበት ቦታ ተመልሶ ስለሚቆም የሙሉው ዙር አማካይ ቬሎሲቲው ዜሮ ነው አልኋቸው። ቀኑን ሙሉ ቢዞርም ዜሮ ነው? አሉኝ። አዎን አልሁ። «ታዲያ ገብሱን ማን አበራየው?» አሉኝ። ይህን ለመምህራችን ብነግራቸው እጅግ ሳቁ፤ ከዚያም ርቀትና ከመነሻ መራቅ ሁለት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን ከዚህ የበለጠ የሚያስረዳ ምሳሌ አላገኘሁም አሉ።

አውድማውን የተረዳ ሰው የሩጫውን ሜዳ ለመረዳት አይቸግረውም። የውድድር መሮጫ አንድ ዙሩ 400 ሜትር ነው ይባላል፤ ነገር ግን 400 የሚሆነው በመጀመሪያው መስመር ለሚሮጥ ብቻ ነው። በሁለተኛው መስመር ላይ የሚሮጥ ሰው በኩርባዎቹ ላይ ሬዲየሱ በ1.12 ሜትር ስለሚበልጥ በአንድ ዙር 7.04 ሜትር ይጨምርበታል። ቀነኒሳ በቀለ ነሐሴ 20 ቀን 1997 ዓ.ም. በብራሰልስ 10,000 ሜትር በ26 ደቂቃ ከ17.53 ሰኮንድ ሮጦ የራሱን ክብረ ወሰን በ2.78 ሰኮንድ አሻሽሏል፤ ይህም ክብረ ወሰን የኡጋንዳው ጆሹዋ ቼፕቴጌ መስከረም 27 ቀን 2013 ዓ.ም. እስኪሰብረው ድረስ 15 ዓመት ቆየ። እስቲ ቀነኒሳ ያን ዕለት 25ቱን ዙር በሁለተኛው መስመር ሮጦት ቢሆን ብለን እናስብ። 25 ጊዜ 7.04 ሲባል 176 ሜትር ነው። በሰኮንድ 6.34 ሜትር ያህል ይሮጥ ስለ ነበር ይህ ትርፍ መንገድ ወደ 28 ሰኮንድ ይፈጅበት ነበር። በ2.78 ሰኮንድ የተገኘውን ክብር ዐሥር እጥፍ አድርጎ ይበላው ነበር ማለት ነው። ታዲያ ቀነኒሳ ለምን የውስጡን ጠርዝ ተጠግቶ እንደሚሮጥ የአባቴ ሽማግሌ በሬ ሊነግረን ይችላል።

እስከዚህ ድረስ ያልሁት እንደ ጨዋታ ሊቈጠር ይችላል። የሚከተለው ግን ጨዋታ አይደለም።

በክረምት ወራት ከደብረ ታቦር ወደ ቤት ስመለስ የተሳፈርሁበት ሚኒባስ ሰው ሞልቶበት፥ በጣራው ላይም ጆንያ ተጭኖበት ነበር። ዝናብ ይዘንባል፥ ጉምም አለ። ሾፌሩ ግን ይቸኩላል። ከኋላ የተቀመጡ አንድ አዛውንት «ኧረ ቀስ በል ልጄ፥ የሚጠብቁን ልጆች አሉን» ብለው ቢለምኑት ረዳቱ ዘወር ብሎ፥ «አይዞዎት አባቴ፥ ሰው ስለ ሞላ መሬቱን ቆንጥጦ ይይዛል፤ የሚንሸራተተው ባዶ መኪና ነው» አላቸው። ሁላችንም አመንነው። ከጥቂት ደቂቃ በኋላ በአንድ ኩርባ ላይ መኪናው መሪውን እንቢ ብሎ ወደ ውጭ ተንሸራተተና ከቦይ ገብቶ ቆመ። ኩርባው ወደ ተራራው የገባ ዓይነት ስለ ነበረ በውጭው ወገን ያገኘን ቦይ ነው። ተራራውን የሚዞር ዓይነት ቢሆን ኖሮ በውጭው ወገን ያለው ገደል ነበር፥ እኔም ይህን አልጽፍም ነበር። ሰው አልሞተም። አንዲት እናት ክንዳቸው ተሰበረ።

ያ ነገር ከአእምሮዬ አልወጣ ቢለኝ የረዳቱን ቃል በሒሳብ ልመረምረው ቈረጥሁ። ከከተማችን ወጣ ብሎ ከሚገኝ አንድ ኩርባ ዘንድ ከሁለት ጓደኞቼ ጋራ ሄድን። አንዱን መኪና እንዲጠብቅ አቆምነውና በመንገዱ የውጭ ጠርዝ ላይ ከነጥብ ወደ ነጥብ 24 ሜትር ገመድ ወጠርን። ከገመዱ እኩሌታ እስከ ጠርዙ ያለው 2 ሜትር ተኩል ሆነ። ከዚህ በኋላ የፒታጎራስ ሥራ ነው፤ የሬዲየሱ ካሬ የ12 ካሬ ሲደመር ሬዲየሱ ሲቀነስ 2.5 ካሬ ነው። ሲሰላ ሬዲየሱ 30 ሜትር ያህል ይወጣል።

መኪና በኩርባ ላይ እንዲታጠፍ ወደ መሐል የሚስበው ኃይል ያስፈልገዋል፤ ይህን ኃይል የሚሰጠው የጎማውና የመንገዱ ሰበቃ ብቻ ነው። የሚያስፈልገው ፍጥንጥነት የፍጥነቱ ካሬ ለሬዲየሱ ሲካፈል ነው። በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር፥ ማለት በሰኮንድ 8.33 ሜትር ቢሄድ በዚህ ኩርባ ላይ 2.3 ይወጣል፤ የመሬት ስበት 9.8 ስለ ሆነ ከመኪናው ክብደት ሩብ የማይሞላ ኃይል ይበቃዋል ማለት ነው። በሰዓት 60 ቢሄድ ግን 9.26 ይሆናል፤ ከመኪናው ክብደት ጋራ ሊስተካከል ምንም ያህል አልቀረውም። ፍጥነቱ እጥፍ ቢሆን የሚያስፈልገው ኃይል አራት እጥፍ ሆነ። በዝናብ የራሰ አስፋልት ደግሞ ብዙ ጊዜ ከክብደቱ ግማሽ የሚሆን ኃይል ቢሰጥ ነው፤ ጎማው ካለቀ ከዚያም ያንሳል። ግማሽ ነው ብንል በዚያ ኩርባ ላይ ሊታለፍ የማይገባው ፍጥነት በሰዓት 43 ኪሎ ሜትር ያህል ነው።

የረዳቱስ ቃል? ቀመሩን ስንጽፈው የመኪናው መጠነ ቁስ በሁለቱም ወገን አለ። ሰው በሞላ ቁጥር ሰበቃው ይጨምራል፥ እውነት ነው፤ ነገር ግን መኪናውን ለማጠፍ የሚያስፈልገውም ኃይል በዚያው ልክ ይጨምራልና እርስ በርሳቸው ይጣፋሉ። ባዶም ሆነ ሙሉ ገደቡ አንድ ነው። በጣራው ላይ ያለው ጆንያ ደግሞ ለመገልበጥ ያቀርበዋል እንጂ አያስቆነጥጠውም። ደብተሬ ላይ ያ ፊደል ከሁለቱም ወገን ሲሰረዝ ባየሁ ጊዜ ሰውነቴ ተንቀጠቀጠ። ፊደል መሰረዝ እንዲህ ያስፈራል ብዬ አላውቅም ነበር። ይህን በዚያ ቀን ከተሳፋሪዎቹ አንድ ሰው ቢያውቀው ኖሮ ከአዛውንቱ ጋራ ሆኖ ድምፁን ከፍ ያደርግ ነበር። እኔ ክብ እንቅስቃሴ የሚለውን ምዕራፍ ተፈትኜበት ጥሩ ውጤት አግኝቼበት ነበር፤ ግን ዝም አልሁ።

(በነገራችን ላይ፥ እኛ ጋይንቶች ቁጭ ብለን ሳለን መሬት ስትዞር ይዛን በሰዓት ከ1,600 ኪሎ ሜትር በላይ ትነጉዳለች። ለምን አንወረወርም ቢሉ ሬዲየሱ ከ6,000 ኪሎ ሜትር በላይ ስለ ሆነ የሚወጣው ፍጥንጥነት 0.03 ያህል ብቻ ነው። የሚጥለው ፍጥነት ብቻ ሳይሆን የኩርባው ማጠርም ጭምር ነው።)

እንግዲህ ምን ይደረግ? መጽሐፉ ይጣል፥ ባቡሩም ይቅር አላልሁም። ከላይ ታች ጋይንት የማይወጣ ልጅ አንድ ቀን ባቡር ይሳፈራል፥ ምናልባትም ይሠራል። የምለው፥ በየሳምንቱ አንድ ጥያቄ ከራሳችን አገር እናውጣ ነው። የእስቴ ልጅ ከመካነ ኢየሱስ ስለሚሄደው መንገድ፥ የስማዳ ልጅ ከወገዳ ስለሚወርደው ቁልቁለት፥ ሌላውም ስለ ወፍጮ ቤቱ ቀበቶና መዘውር ያውጣ። ጥያቄው ጧት በሰንደቅ ዓላማ ሥነ ሥርዓት በሚኒ ሚዲያው ይነበብ፤ መልሱ ከመሰላቱ በፊት ግን እያንዳንዱ ተማሪ በግምት ስንት ሊሆን እንደሚችል ይጻፍ። ግምቱና ሒሳቡ ከተራራቁ ከሁለቱ አንዱ ስሕተት አለበት፤ የትኛው እንደ ሆነ መፈለጉ ራሱ ትምህርት ነው። ለዚህ ገንዘብ አያስፈልግም። ገመድና ጠጠር አለን። መምህራኖቻችን ጊዜ እንደሚያጥራቸው፥ ምዕራፉን ሳይጨርሱ ዓመቱ እንደሚያልቅባቸው አውቃለሁ። ስለዚህ ጥያቄውን የማውጣቱን ሥራ ለእኛ ለተማሪዎቹ ይተዉልን፤ እርሳቸው ያርሙልን።

ወላጆቻችን ደግሞ እኛ አልተማርንም ብለው ከዚህ ጨዋታ ባይሸሹ ደስ ይለኛል። ባለፈው ሰሞን አንድ ጥያቄ አውጥቼ በክፍላችን ለሚገኙ ለዐሥር ጓደኞቼ ሰጠሁ። ገበያው 6 ኪሎ ሜትር ይርቃል፤ አንዲት ሴት ደርሶ መልሱን በሰዓት በአማካይ 4 ኪሎ ሜትር ሄዳ፥ ማለት በ3 ሰዓት ለመጨረስ አሰበች። ስትሄድ ግን ሸክም ስለ ከበዳት በሰዓት 2 ኪሎ ሜትር ብቻ ሄደች። ያሰበችው እንዲሞላላት በምን ያህል ፍጥነት ትመለስ? ዘጠኙ ተማሪዎች ወዲያው 6 አሉኝ። ዐሥረኛው እስክሪብቶውን እየነከሰ ቀረ።

ዐርብ ማታ ቤት ስደርስ እናቴ እንጀራ እየጋገረች ነበር። ጥያቄውን እንዳለ ነገርኋት። ምጣዱን ከድና ቀና አለችና፥

«ሲሄዱ ስንት ሰዓት ፈጀባቸው አልህ?» አለችኝ።

«ስድስቱን ኪሎ ሜትር በሁለት ሁለት ሲሄዱት ሦስት ሰዓት» አልኋት።

«ታዲያ ሦስቱን ሰዓት እዚያው ገበያ ሲደርሱ ጨርሰውት የለም ወይ? በመብረርስ ቢመለሱ ከየት የመጣ ጊዜ ነው?» አለችና እንጀራዋን አወጣች።